አልሐምዱሊላህ ኮድ የለውም

ፎርሙ ተመልሶ መጣ። ጸዳለ ገና ከፖስታው ሳታወጣው አውቃለች፤ ያለፈ ፎርም እዚያው መድኅን ቢሮ ይቀራል፣ ወደ ላኪው የሚመለሰው የወደቀ ብቻ ነው። ስታወጣው በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በጤና መድኅን አይሸፈንም» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ለውበት!» አለች ለብቻዋ። «የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ፣ ለውበት! ሊዳሩ ነው እንዴ?»

የሚሰማት አልነበረም። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ያሉት እሷና ካርዶቹ ብቻ ናቸው። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለችው ይህች ጤና ጣቢያ ጦርነቱ ካለፈባት ሦስት ወር ቢሆናት ነው። ኮምፒዩተሩ ተወስዷል፣ የብረት መደርደሪያው ተወስዷል፣ የመስኮቱ መስታወት ረግፏል። ጸዳለ ግን ተመልሳለች። አሥራ አራት ዓመት በዚህች ክፍል ካርድ ስታወጣና ስትመልስ፣ የሐኪም እጅ የጫረውን ስታነብ፣ ለእያንዳንዱ በሽታ ከዝርዝሩ ላይ ቁጥሩን ፈልጋ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። በሽታውን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ በሽታው በመንግሥት ዘንድ እንዲታወቅ የምታደርገው ግን እሷ ናት። ቁጥር ያላገኘ በሽታ እንዳልታመሙት ነው የሚቆጠረው።

ታኅሣሥ ላይ ስትመለስ ካርዶቹ ግቢው ውስጥ ተበትነው ነበር፤ ግማሹ ለማገዶ ሆኗል፣ ግማሹ ጭቃ ጠጥቷል። አንድ በአንድ ለቀመቻቸውና እንደ ታጠበ ልብስ ገመድ ላይ አሰጣቻቸው። የበሽታ ቁጥሮቹን ዝርዝር የያዘውን መጽሐፍ ሽንት ቤቱ በር ላይ ነው ያገኘችው። ሽፋኑ ላይ የጫማ ሶል ታትሞበታል። እስካሁን የምትሠራው በእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለራሷም ለሠራተኛውም አንድ ሕግ አወጣች፤ ያልተባለ አይጻፍም፣ የተባለ አይቀርም። ይህን ያህል የተቃጠለ ወረቀት ያየች ሴት በቀረው ላይ ውሸት እንዲጻፍበት አትፈቅድም።

የተመለሰው ፎርም የሸህ ኑርሁሴን ነው። ሸሁ በአምባሰል ተራራ ግርጌ ካሉት መንደሮች በአንዷ ይኖራሉ። ግንባራቸው መሐል ላይ ባቄላ የምታህል፣ ቡናማ፣ ጠብ ብሎ የረጋ ሰም የምትመስል ነገር አለች። ክፉ ነገር አይደለችም። ዕድሜ የጠገበ ቆዳ ላይ የምትወጣ ተራ ኪንታሮት ናት፤ አትሰፋም፣ አትገድልም። በጸዳለ መጽሐፍ ቁጥሯ ሰማንያ ሁለት ነው። ከሰማንያ ሁለት ቀጥሎ ግን ነጥብ አለ፣ ጉዱ ያለው ከነጥቧ ወዲያ ነው። ኪንታሮቷ ዝም ብላ ከተቀመጠች ነጥብ አንድ ትባላለች፤ እሷን ማስቆረጥ መልክ ማሳመር ነው፣ መድኅን አያውቃትም። ከቆሰለች፣ ከደማች፣ ባለቤቷን ካስቸገረች ነጥብ ዜሮ ትሆናለች፤ ያኔ ሕክምና ነው፣ መድኅን ይሸፍናል። ዜሮ ከአንድ የሚበልጥበት ቦታ በዓለም ላይ ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ድሮ ቢሆን እዚሁ ጤና ጣቢያ በአሥር ደቂቃ የሚነሣ ነገር ነበር። አሁን ግን መቀሱም፣ ማደንዘዣውም፣ የመሣሪያ መቀቀያውም ተዘርፏል፤ ስለዚህ ደሴ መላክ አለባቸው፣ ለመላክ ፎርሙ መጽደቅ አለበት። ፎርሙ ደግሞ ነጥብ አንድ ተብሎ ሄዶ ነጥብ አንድ ተብሎ ወደቀ።

ጸዳለን ያበገናት ሸሁ እንደሚደሙ ማወቋ ነው። የነገረቻት ልጃቸው ሰሚሃ ናት፣ ውጫሌ ገበያ ላይ፣ የሽንኩርት ቁና መሐላቸው አስቀምጣ።

«አባዬ ኸመስጊድ ቀሩ» አለቻት። «ሱጁድ ሲወርዱ፣ ግንባራቸው መሬት ሲነካ ይደማል። ደም ሲወርድ ለሶላት የታጠቡት ውዱእ ይፈርሳል፣ ሶላቱን ጥለው ይወጣሉ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ታገሡ፣ ኋላ አፍረው ቤት ዋሉ። ረመዷን ደረሰ ጸዳለ። ተራዊሑን ዘንድሮ ማን ያሰግደናል?»

ጸዳለ ክርስቲያን ብትሆንም ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ አልጠፋትም፤ ወሎ ውስጥ ተወልዶ የጎረቤቱን ጾም የማያውቅ የለም። በዚያች መንደር ቁርአንን በቃላቸው የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በኅዳር ሞቱ። የቀሩት ሸህ ኑርሁሴን ናቸው። የረመዷን ተራዊሕ፣ የሌሊቱ ሶላት፣ ሃያ ረከዓ ነው፤ ሃያ ረከዓ አርባ ጊዜ ግንባርን መሬት ማስነካት ነው፤ ያውም በየቀኑ፣ ወሩን ሙሉ። ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያው ረመዷን ነው፣ መንደሩም ካሳለፈው መከራ ወዲህ ተሰብስቦ የሚቆምበት የመጀመሪያው ጊዜ። ያለ ሸሁ ጾሙ ይጾማል፤ ሰው ግን ተራዊሑን በየቤቱ ተበትኖ ይሰግዳል።

ፎርሙን ይዛ ባድሩ ክፍል ገባች። ባድሩ የጤና መኮንን ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ የሐይቅ ልጅ።

«ይኼን ማነው የጻፈው?» አለችውና የሸሁን ካርድ ፊቱ ዘረጋችው። «ቅሬታ የለም። ሕመም የለም። መድማት የለም። ታዲያ ሰውዬው ለምን መጡ? ሊጠይቁህ?»

«ጸዱዬ፣ ያሉኝን ነው የጻፍሁት። ያምዎታል ወይ አልኳቸው፣ አልሐምዱሊላህ አሉ። ይደማል ወይ አልኳቸው፣ አልሐምዱሊላህ አሉ። ራስሽ ያልተባለ አይጻፍም አላልሽም?»

ይህ ንግግር የገዛ ዱላዋ ተመልሶ የመታት ያህል ነው የተሰማት። «እሺ፣ ነክተህ አየኸው?»

ባድሩ እስክሪብቶውን መክፈትና መዝጋት ጀመረ። «አሊፍ ባ ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ የሸሁን ግንባር በጣቴ ልጎርጉር? ደግሞ መንደሩ ሁሉ የሱጁድ ምልክት ነው ብሎ የሚያከብረውን።»

«ኪንታሮት ነው!»

«ኪንታሮት መሆኑን አውቃለሁ። ጻፍሁት እኮ።»

ጸዳለ በሩን ገጭ አድርጋው ወጣች። አንዱ አያጉረመርም፣ አንዱ አይነካ፣ አንዱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ቀይ እስክሪብቶ ይስላል። መሐል ላይ የምትቃጠለው እሷ ናት። ያን ሁሉ ካርድ ከጭቃ ያወጣችው እንዲህ ዓይነት ባዶ ነገር ሊጻፍበት ነው? ለሰሚሃ ደወለችና ሸሁ ሐሙስ ጧት እንዲመጡ ላከችባቸው።

መጡ። ረዘም ብለው ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው፣ ከዘራቸው የአባታቸው ነው ይባላል። ጥምጣማቸውን ዝቅ አድርገው ቅንድባቸው ላይ አድርሰውታል። ጸዳለ እንዲህ ዝቅ አድርገው መጠምጠም የጀመሩት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረችና አልመጣላትም። ሰውዬውን እንደ አባቷ ነው የምታያቸው። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ሠራተኛው በእግሩ ሲሸሽ፣ እሷ መራመድ የማትችል እናቷን ይዛ መንገድ ዳር ቀርታ ነበር። ሸሁ በአህያ መጥተው ሁለቱንም ወሰዷቸው። አምስት ሳምንት እሳቸው ቤት፣ በሰሚሃ ሻሽ ተሸፍና፣ የእህታቸው ልጅ ተብላ ከረመች።

«እንዴት አደሩ ሸሁ?»

«አልሐምዱሊላህ። እናትሽስ? እግራቸው ተሻላቸው?»

«እግዜር ይመስገን። ግንባርዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ይደማል አይደል?»

«አላህ የሰጠውን ምን ይሉታል ልጄ። ሹክር ነው።»

«ሱጁድ ሲወርዱ ይቆጠቁጥዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጸዳለ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ሸሁ! አልሐምዱሊላህ ኮድ የለውም! መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ፈልጌዋለሁ፣ የለም!»

ሸሁ ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲያ መጽሐፋችሁ ጎደሎ ነዋ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

«ዝም አይነቅዝም ሲባልም ሰምቻለሁ።» ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋና ወደ ውጭ፣ አግዳሚው ላይ ተራ ወደሚጠብቀው ሰው አመለከቱ። «ያችን ጥቁር የለበሰችውን ታያለሽ? ሁለት ልጅ ነው የቀበረች። ኸጎኗ ያለው ሰውዬ እግሩ የለም። እኔ በነሱ ፊት አልፌ፣ ባቄላ የምታህል ነገር አመመችኝ ልበል? አላህንስ አላፍረውም?»

የጸዳለ ንዴት አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰ፣ ምክንያቱም ትክክል መስለው ታይተዋታል፣ ትክክል ሆነው ደግሞ መስጊዳቸውን እያጡ ነው። ሰው ትክክል ሆኖ ሲጎዳ እንደማየት የሚያናድድ ነገር የለም።

ያኔ ነው ብልሃቱ የመጣላት። የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ሰዓት እስኪደርስ በወሬ አቆየቻቸው። ሰዓቱ ሲደርስ ከመድኃኒት መጋዘኑ ጓንት የመጣበትን ካርቶን አወጣች፣ ፈታችውና ነጩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ጥላው ሥር አነጠፈችላቸው። «ምንጣፉ ቆሻሻ ነው፣ እዚህ ላይ ይስገዱ» አለቻቸው። ከዚያ ባድሩን እጁን ይዛ አወጣችውና ከግድግዳው ጥግ አቆመችው።

«ዐይን አለህ አይደል? ያልተባለ አይጻፍም። የታየ ግን ይጻፋል።»

ጸሎት የሚጸልይ ሰው ተደብቆ ማየት ደስ አይልም፣ ጸዳለም አንገቷን ደፍታ ነበር። ሸሁ ቀስ ብለው ቆሙ፣ አጎነበሱ፣ ወረዱ። ከመጀመሪያው ሱጁድ ሲነሡ ካርቶኑ ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው ስስ እርጥበት ታየ። በአራተኛው ነጩ ካርቶን ላይ ሳንቲም የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረች፣ የሸሁ አፍንጫም ላይ አንድ ቀጭን መሥመር ወርዷል። ሸሁ እንደ ልማዳቸው ሶላቱን አቋርጠው፣ በእጃቸው መዳፍ ግንባራቸውን ይዘው፣ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉ።

ባድሩ ከጥጉ ወጥቶ ፊታቸው ተንበረከከ። ዐይኑ እንባ ሞልቷል። ጓንት አጠለቀና አሊፍ ባ ያስቆጠሩትን ሰው ግንባር ለመጀመሪያ ጊዜ ነካ። ኪንታሮቷ ከአንድ ወገን ተሰንጥቃለች፣ ሥሯ ቆስሎ ጠርዙ ቀልቷል።

«አየሃት?» አሉት ሸሁ።

«አየኋት ሸሁ።»

«እንግዲህ ያየኸውን መመስከር ያንተ ፋንታ ነው። እኔ አልከሰስሁም።»

ባድሩ ጻፈ። ያየውን ሁሉ፣ እንደ ሰው ጽሕፈት በሚነበብ ፊደል ጻፈ። ጸዳለ ሰማንያ ሁለት ነጥብ ዜሮ ብላ ቁጥሩን አሰፈረች። ፎርሙን ለፖስታ አላመነችውም፤ በማግሥቱ ራሷ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ መድኅን ቢሮው ይዛው ሄደች።

ቢሮው ውስጥ ያለው ታረቀኝ የሚባል ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፋይል እንደ ግንብ ከቦት፣ ጠረጴዛው ላይ ከሻይ ብርጭቆው በቀር ሌላ ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ጸዳለ የጣቱን መውረድ በዐይኗ ተከተለች። ጣቱ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ቆመ።

«መድማቱ የጀመረው መቼ ነው? በምን ምክንያት? ባዶ ነው።»

«ይደማል። ሐኪም አይቶታል። ጽፎታል።»

«እኅቴ፣ እንዲህ ዓይነቱ ኪንታሮት ዝም ብሎ ተነሥቶ አይሰነጠቅም። በአደጋ ከሆነ የአደጋው ኮድ ይጨመራል። እራሳቸው ጎርጉረውት ከሆነ እሱም ይጻፍ። ባዶ ከሄደ ኦዲት ይመልሰዋል፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ረመዷን ሁለት ሳምንት ነው የቀረው! ሰውዬው ኢማም ናቸው፣ ግንባራቸውን መሬት ማስነካት አልቻሉም። ይኼ አይገባህም?»

«ይገባኛል» አለ ታረቀኝ፣ ደግሞም የገባው ይመስላል። «ነገር ግን እኔ የማነበው ፎርም ነው፣ ሰው አይደለም። ሰውን የምታነቢው አንቺ ነሽ። አንብበሽ ሙይና አምጪው፣ በዚያው ቀን አሳልፍልሻለሁ።»

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ የሐይቁን ውኃ እንኳ አላየችውም። ሁለት ወር ገመድ ላይ ያሰጣቻቸው ካርዶች፣ የተሰበረው መስኮት፣ ባዶው መደርደሪያ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ታሰቧት። አገር እንዲህ ፈርሶ አንዲት ሳጥን ባዶ ሆነች ተብሎ! ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው፣ ሆዷ ባዶ ነው፣ ራሷን ያዞራታል። ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?» አሏት። «አይ እማማ፣ ፎርም ነው» አለቻቸው።

ሸሁ ማክሰኞ መጡ። በዚህ ጊዜ ሰሚሃ አብራቸው አለች። ባድሩ ለክትባት ገጠር ወጥቷል። ጸዳለ ፎርሙን ፊቷ ዘረጋችና ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳታደርስ ጀመረች።

«ሸሁ፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። መድማት የጀመረው መቼ ነው?»

«ቆየት ብሏል።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል፣ ታረቀኝ ነው የማያውቀው! በምን ምክንያት ጀመረ? ወደቁ? በር መታዎት?»

ሸሁ ጥምጣማቸውን ትንሽ ወደ ታች ሳቡት። ሰሚሃ ግድግዳውን ታያለች።

ያኔ የጸዳለ ትዕግሥት አለቀ። አሥራ አራት ዓመት በሽተኛ ላይ ጮኻ አታውቅም፤ ዛሬ ጮኸች። «ምነው ሸሁ! እኔን ለምን ያሰቃዩኛል? ልርዳዎት ብዬ መንገድ ለመንገድ የምንከራተተው እኔ አይደለሁም? አንዲት ቃል መናገር ምን ይከብዳል? ምን አደረግሁዎት?»

«ምን አደረግሁዎት ትላለች!» አለች ሰሚሃ። ከግድግዳው ዞረች። ድምፅዋ የራሷ አይመስልም ነበር።

«ሰሚሃ» አሉ ሸሁ።

«ኸእንግዲህ አልችልም አባዬ። አንቱ አትናገሩ፣ እኔ ግን ልናገር ነው። ጎተራው ውስጥ የነበርሽ ቀን ነው ጸዳለ! ታጣቂዎቹ የመጡ ቀን!»

ጸዳለ ያን ቀን አልረሳችውም። አዝመራው ገና አልገባም፣ ጎተራው ባዶ ነበር። የመድኃኒት መጋዘኑ ቁልፍ እሷ ዘንድ እንዳለ ሰው ነግሯቸው ሊፈልጓት መጡ። ሰሚሃ ጎተራው ውስጥ አስገብታ ሰፌድ ደፋችባት። ከውስጥ የወንዶች ድምፅ ሰማች። አንድ ነገር ድው ሲልም ሰማች፣ በሩ የተዘጋ መስሏት ነበር። ከዚያ ዝምታ። ቆይተው ሸሁ ሰፌዱን አንሥተው «አልሐምዱሊላህ፣ ሂደዋል። ውጪ ልጄ» አሏት። ጥምጣማቸው ቅንድባቸው ላይ ወርዶ ነበር። አሁን መጣላት። ጥምጣማቸው ዝቅ ብሎ የተጠመጠመው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

«የጤና ጣቢያዋ ሴትዮ የታለች አሏቸው» አለች ሰሚሃ። «አባዬ ውሸት አይናገሩም፣ አላየኋትም አላሉም። የለችምም አላሉም። ዝም አሉ። ሦስት ጊዜ ጠየቋቸው፣ ሦስቴም ዝም። በጠመንጃው ሰደፍ ግንባራቸውን አሏቸው። ይችን ኪንታሮቷን ነው ያገኛት። ኸዚያ ወዲህ ሽራ አታውቅም።»

ውጭ አግዳሚው ላይ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ጸዳለ የእጇን እስክሪብቶ አየችው፣ ሸሁን ለማየት ግን አልቻለችም። ጮኻባቸዋለች። ምን አደረግሁዎት ብላቸዋለች።

ሸሁ ግን የተቆጡት በእሷ አልነበረም። «ሰሚሃ፣ አጅሬን አጠፋሽብኝ» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «ሰው ለአላህ ብሎ የሠራትን ነገር ውለታ ብሎ ኸተናገራት ሸጣት ማለት ነው፣ ምንዳዋ ይሄዳል። አምስት ወር ይዣት ነበር። ረመዷን ልገባ ስል...» አልጨረሱትም። ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «አትጻፊው ልጄ። ይቅርብኝ። ሌላ ሰው ያሰግዳል።»

«ይቀመጡ» አለች ጸዳለ።

«አትጻፊው አልሁሽ።»

«ሸሁ፣ በእናቴ ሞት፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ጸዳለ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ፎርሙን ወደ ራሷ ሳበች። መቼ ጀመረ፤ ጥቅምት ሁለት ሺህ አሥራ አራት። በምን ምክንያት፤ ግንባር ላይ በጠመንጃ ሰደፍ መመታት። ለዚህኛው ምክንያት ቁጥሩን መጽሐፍ ገልጣ አልፈለገችም። ከታኅሣሥ ወዲህ በቃሏ የያዘችው ቁጥር ነው፤ ስንቱ ካርድ ላይ እንደጻፈችው መቁጠር ትታለች። ጻፈችና እሳቸው እንዲሰሙት ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

ሸሁ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። «ስለማን ብዬ እንደተመታሁስ ይላል?» አሉ።

ጸዳለ ፎርሙን ከፊት አየችው፣ ገለበጠችና ከኋላ አየችው። ያን ሁሉ ጊዜ በሳጥኖቹ መጉደል ስትራገም የከረመችበት ፎርም ነው። «መቼ የሚል አለ» አለች። «በምን የሚል አለ። ስለማን የሚል ሳጥን የለውም ሸሁ። አላስገባሁትም። አጅርዎ አልተነካም።»

ሸሁ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ጸዳለም በዚህች ቃል ስትናደድ ከከረመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተናደደችም።

ታረቀኝ ቃሉን ጠበቀ። ፎርሙን አነበበ፣ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ጣቱ ቆመ፣ ቀና ብሎ ጸዳለን አያትና ማኅተሙን መታ። ደሴ ላይ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የተቆረጠችው ተመርምራ እንደተጠረጠረው ተራ ኪንታሮት መሆኗ ተረጋገጠ።

የረመዷን ጨረቃ ልትታይ ሁለት ቀን ሲቀራት ሸህ ኑርሁሴን ክሩን ሊያስወጡ ጤና ጣቢያ መጡ። ጥምጣማቸው ወደ ድሮ ቦታው ከፍ ብሏል። ግንባራቸው ላይ ከአንዲት ቀጭን መሥመር በቀር ምንም አልነበረም። ባድሩ ክሩን አወጣላቸው፤ ሸሁም ካርዱን ይዘው ወደ ጸዳለ መስኮት መጡ። ሰሚሃ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ቆማለች።

ጸዳለ የክትትል መዝገቡን ገለጠች። መሞላት ያለበት አንድ መሥመር አለ። መልሱን አስቀድማ ታውቀዋለች፣ ጥያቄው ግን ግዴታ ነው። «ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የሚሰማዎት ነገር አለ ሸሁ?» አለች፣ እስክሪብቶዋን «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ አስቀድማ አሳርፋ።

ሸሁ አፋቸውን ከፈቱ፣ «አል» ብለው ጀመሩና አቆሙ። እስክሪብቶዋን አዩ። የጫማ ሶል የታተመበትን መጽሐፍ አዩ። ከዚያ እንደሚስጥር በመስኮቱ ቀዳዳ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ትንሽ ትቆጠቁጠኛለች» አሏት። «ጻፊው።»